እጥረት ሁሉ ተንኮል አይደለም
ስለ በዓል አሻንጉሊቶች እጥረት የቀረበው ጽሑፍ «ፋብሪካዎቹ እጥረቱን ሆን ብለው ይፈጥሩታል» ያለው በከፊል ብቻ ያስኬዳል። የበዓል አሻንጉሊት ከወራት በፊት ታዝዞ፣ ተመርቶ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ፣ በመርከብ ሳምንታት ተጉዞ ነው መደርደሪያ ላይ የሚደርሰው። በዓሉ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ የፈነዳ ፍላጎት በምን ተአምር ይሟላል? በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ሆዱን ሲጫኑት እየሳቀ የሚንቀጠቀጠው ኤልሞ የተባለ ቀይ አሻንጉሊት በሮዚ ኦዶኔል የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ከታየ በኋላ ከመደብር ጠፋ፤ 30 ዶላር ገደማ የነበረውን ዕቃ አትራፊዎች በመቶዎች ዶላር ሸጡት። አምራቹ ታይኮ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ትርፍ ለእነርሱ ይተውላቸው ነበር? ተንኮል የሚፈልግ ሰው ላቡቡ የተባለውን አሻንጉሊት ይመልከት። በታሸገ ሳጥን ስለሚሸጥ የትኛው እንደደረሰዎት የሚያውቁት ከፍለው ከከፈቱት በኋላ ነው፤ ብርቅዬው የመውጣት ዕድሉ ደግሞ ከ72 አንድ ነው። ይህ ሎተሪ እንጂ አሻንጉሊት አይደለም (ለነገሩ ከሚሰለፉት ብዙዎቹ ጎልማሶች ናቸው)። በ2025 በብሪታንያ ገዢዎች እስከ መደባደብ ደርሰው ሻጩ ፖፕ ማርት በመደብሮቹ ሽያጩን ለጊዜው ለማቆም ተገድዷል። በዚያው ጽሑፍ ሥር «ወላጅ ልጁን እምቢ ማለት ይልመድ» ላሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፦ በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መደብሮች ለካቤጅ ፓች አሻንጉሊት ሲገፈታተሩና ሲነጣጠቁ የነበሩት ልጆቹ አልነበሩም፤ ወላጆቹ ራሳቸው ነበሩ።