ምድጃው ስንት ዲግሪ ላይ ነበር?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር በተቀመጥንበት የሥርዓተ ትምህርት ግምገማ የጠጣር ነገሮች ኬሚስትሪ ራሱን ችሎ መሰጠቱ ቀርቶ በሌላ ኮርስ ውስጥ የሁለት ሳምንት ምዕራፍ እንዲሆን ተወሰነ። ምክንያቱ በአንድ ትንፋሽ ተነገረ፤ «የክሪስታል አወቃቀርና የፌዝ ዲያግራም ተማሪው ከስልኩ ያገኘዋል፤ እኛ የሚያስፈልገን ባትሪ የሚገጥምና የሚጠግን ሰው ነው።» ተጨበጨበ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

የክሪስታል አወቃቀር በጠጣር ነገር ውስጥ ያለው የአተሞች አደራደር ነው፤ የፌዝ ዲያግራም ደግሞ የትኛው አደራደር (ፌዝ) በየትኛው ሙቀትና መጠን እንደሚጸና የሚያሳይ ካርታ ነው። ከስልክ የሚገኘው ግን ሥዕሉ ነው። ፋሲል ግቢን ፎቶ ያነሳ ሁሉ ግንበኛ አይሆንም። ያን ግንብ ያቆመው ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋዩ በቂ እሳት ካላገኘ ደግሞ መሐሉ ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል፤ ውኃ ቢያፈሱበትም አይፈታም። የዚያ ዘመን ኖራ አቃጣይ ከምድጃው የሚወጣው ነገር በእሳቱ ልክ እንደሚለያይ ያውቅ ነበር። እኛ ከእርሱ ያነሰ የሚያውቅ ተማሪ ልናስመርቅ ነው።

ስለ ባትሪ ካወራን በደንብ እናውራ። ሊቲየም ካርቦኔትና ኮባልት ካርቦኔት በትክክል መዝነህ፣ በሙቀጫ አልመህ ምድጃ ውስጥ አስገባ። በ400 ዲግሪ ገደማ ብታበስለው ጥቁር ዱቄት ይወጣል። በ850 ብታበስለውም ጥቁር ዱቄት ይወጣል። ቀመሩ ያው ነው፤ አንድ ሊቲየም፣ አንድ ኮባልት፣ ሁለት ኦክስጅን። በ850 የበሰለው ውስጥ ግን ሊቲየሙ በራሱ ንጣፍ፣ ኮባልቱም በራሱ ንጣፍ ተደርድረዋል፤ ኦክስጅኑ በመካከላቸው ነው። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግና ሲሠራ ሊቲየሙ የሚወጣውና የሚገባው በዚያ ንጣፍ ነው። በ400ው ድርድሩ ገና አልለየም፤ ሁለቱ ተደባልቀው ስፒነል ወደሚባለው የአደራደር ዓይነት ያደላ ሌላ አወቃቀር ሠርተዋል። ከእርሱ የተሠራ ባትሪ ጥቂት ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ይደክማል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ተማሪዬ ናሙናዋን ማታ ምድጃ ውስጥ አስገብታ ሄደች፤ ምድጃው በደንብ ሳይግል ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስንከፍተው ዱቄቱ ጥቁር፣ የሚያምር ነበር። በፖስታ አሽገን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ላክነው። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ጨረሩ ከዱቄቱ በየትኛው ማዕዘን እንደሚመለስ አይቶ የአተሞቹን አደራደር የሚያሳውቀው ምርመራ) ውጤቱ ሲመጣ፣ ግራፉ ላይ በ65 እና በ66 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ ጎን ለጎን መቆም የነበረባቸው ሁለት ጫፎች አንድ ድፍን ጉብታ ሆነዋል። እኔ አፌን ሳልከፍት «መምህር፣ አልተደረደረም እኮ» አለችኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስተማራት አሁን የተሰረዘው ኮርስ ነው። ሳይንቲስቱ ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ኦክስፎርድ ላይ ይህንኑ ድርብርብ ኦክሳይድ ለባትሪ ሲያቀርቡ ከጠጣር ነገሮች ጥናት ተነሥተው እንጂ ባትሪ ሲገጥሙ ቆይተው አልነበረም። ሶኒ ገበያ ያወጣው በ1991 ነው።

ይጠግናል የተባለውስ ሰው? ሀገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ባትሪ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። የሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ባትሪ ቻርጀር 4.2 ቮልት ላይ ለምን እንደሚቆም ጠጋኙን ጠይቁት። ከሊቲየሙ ግማሽ ያህሉ ከወጣ በኋላ ንጣፎቹ ቦታቸውን መልቀቅ እንደሚጀምሩ ካላወቀ፣ የሚቀይረው ዕቃ እንጂ የሚጠግነው ነገር የለውም።

አንድ ባልደረባ «አሁን መኪናው ሁሉ በብረት ፎስፌት ነው፤ የድርብርብ ኦክሳይድ ዘመን አልፏል» አለ። ፎስፌቱ፣ ኮባልት የማይገባበት ሌላው የባትሪ ዱቄት፣ መስፋፋቱ እውነት ነው። ዘመኑ አልፏል ማለት ግን የሶዲየም ባትሪን አለማወቅ ነው። ዛሬ ከሚሠሩት የሶዲየም ባትሪዎች በርካታዎቹ የብረት፣ የማንጋኒዝና የኒኬል ድርብርብ ኦክሳይድ ያለባቸው ናቸው፤ ሶዲየሙ ደግሞ ከጨው ይወጣል፤ አፋር ላይ ጨው በግመል ስንጭን የኖርን ሕዝብ ነን! እነዚህ ኦክሳይዶች ከሊቲየሙም ይብሳሉ። የሶዲየሙ መጠን ትንሽ ሲያንስ ወይም ሙቀቱ ሲለወጥ የኦክስጅኑ አደራደር ይቀየራል፤ ብዙዎቹም እርጥበት አይችሉም። በጎንደር ክረምት ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ያደረ ዱቄት ሶዲየሙ ወደ ላይ እየወጣ ካርቦኔት ይሆናል። የትኛው ፌዝ በየትኛው ሙቀትና መጠን እንደሚጸና የሚናገረው ያ «ከስልክ ይገኛል» የተባለው ዲያግራም ነው፤ ለብዙዎቹ ቅይጦች ደግሞ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ያልተሠራ ካርታ ከየትኛው ስልክ ይገኛል?

የኤክስሬይ ማሽን የለንም ተባለ። የለንም። ናሙናውን በአውቶቡስ የሚልክ ሰው ግን ከመላኩ በፊት ምን መጠበቅ እንዳለበት ማወቅ አለበት፤ ማሽን ያለው ተሳስቶ ከሰዓት ይደግመዋል፣ እኛ ሳምንታት እንጠብቃለን።

የተማሪዬ ዱቄት አሁንም ቢሮዬ ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ አለ። በ850 በደንብ የበሰለውም አጠገቡ ተቀምጧል፤ ምልክት የለባቸውም። ቃለ ጉባኤውን የፈረማችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑና የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ።