እርማት፦ ኮንክሪት የበረንዳን ቋሚ ከመበስበስ አያድንም

አንድ ወንድማችን «ያረጀውን የእንጨት በረንዳ ስትቀይሩ አዲሱን ቋሚ ጉድጓድ ውስጥ ትከሉና ኮንክሪት ሙሉበት፤ አይበሰብስም» ሲሉ መክረዋል። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም፤ ምክሩ ግን ስህተት ነው፤ በየሰፈራችንም ብዙ ሰው አክስሯል።

እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ኮንክሪቱ አብሮት አይኮማተርምና በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብባት ጅማ ውሃው እዚያ ገብቶ መውጫ ያጣል። የጎረቤቴን በረንዳ ስናፈርስ የባህር ዛፉ ቋሚ ከላይ ቀለሙ እንኳ አልተነካም፤ ልክ ከኮንክሪቱ አፍ ላይ ግን በጣቴ ስነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። ልጆች የሚደገፉት ቋሚ ነበር!

ይልቅ ኮንክሪቱን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ሳይደርቅ የብረት መያዣ ትከሉበት። ቋሚው ኮንክሪቱን ሳይነካ በብረቱ ላይ ይቀመጥና በቡሎን ይታሰር። ውሃ አብዝቶ የሚስበው የተቆረጠው የታች ጫፍ ስለሆነ፣ ከመቆሙ በፊት የእንጨት መከላከያ መድኃኒት በደንብ ይጠጣ። የወለሉን ጣውላም አታጣብቁት፤ ውሃ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉለት።