ይድረስ ለክቡር የውኃ ታንከር ማቆሚያ ፈቃድ ክፍያ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከውኃ ጥም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከአዲስ አበባ የውኃ ግድቦች ለገዳዲ ሞላ ገፈርሳ ጎደለ፣ እኛ ቱሉ ዲምቱ ዳር ያለን ሰዎች ውኃ የምናየው በፈረቃ ነው። ስለዚህ 2,000 ሊትር የምትይዝ ሮቶ ገዛሁ፤ ባለ አራት እግር የብረት ማቆሚያ ላሠራላት ብዬም ደጅዎን ጠናሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ትናንት መስኮት ቁጥር 4 ላይ የሆነውን መቼም ሳይሰሙ አይቀሩም። ቅጹ «የሕንፃው አገልግሎት» ይላል፦ መኖሪያ፣ ንግድ፣ ቅይጥ። «የሚኖርባት ውኃ ነው» አልኩ። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ጎረቤት ይቀዳል?»

«ሲቸግረው ይቀዳል እንጂ።»

«ንግድ» አለና ምልክት አደረገ። በነጻ ነው ብዬ ብከራከር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባት፣ ሰፈሩን በነጻ የሚያጠጡ ሰው ለዚህች ክፍያ ምን አስጨነቀዎት?» አለኝ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እርሱ ነው።

ቀጥሎ የፎቅ ብዛት ጠየቀ። ማቆሚያዋ ሦስት ሜትር ናት ብል «ባለ አንድ ፎቅ» ብሎ ጻፈ። የሕንፃ ሕጉ ሕንፃን በየምድቡ ይከፍላልና፣ ሮቶዬ በአንድ ብዕር ከፍ ወዳለ ምድብ ተሾመች። እርስዎም አብረዋት ከፍ አሉ።

ስለ «ሲስተም የለም» አላነሳም።

ሮቶዋ ስትሞላ ውኃው ብቻ 20 ኩንታል ይመዝናል። ልጆች ላይ እንዳትወድቅ መሐንዲስ መጥቶ ብየዳውን ቢያይልኝ ዛሬውኑ እከፍልሃለሁ። ግን ማን መጣ? ማን አየ? ባለፈው ሳምንት አራስ ጎረቤቴ የሕፃኑን ጨርቅ በታሸገ ውኃ ስታለቀልቅ ሮቶዋ ከአጥሩ ወዲህ አፏ በላስቲክ ታስሮ፣ ባዶዋን ተጋድማ ነበር። በአንተ ምክንያት!

ይቅርታ፣ አንቱታውን ረሳሁት።

ለማንኛውም ከፍያለሁ። ደረሰኙ ላይ ማኅተም የምታሳርፈው ሠራተኛ ግን ለቅሶ ሄዳለች፤ «ሐሙስ ጠዋት በአካል ይምጡ» ተብያለሁ። ሐሙስ ጠዋት የሰፈራችን የውኃ ፈረቃ ነው። ክቡርነትዎ፣ ጀሪካኖቹ ጋ ማን ይቁምልኝ?