ችግኙን ቆጠርን፣ አፈሩንስ?

ሐምሌ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ድልድዩ ላይ ቆም ብላችሁ ወንዙን እዩት። ውሃ አይመስልም። ፕላስቲኩንም ቅርንጫፉንም ይዞ የሚጋልብ ድፍርስ ጭቃ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ እዚያው አቅራቢያ ጀበና ቡና ቤት ገባሁ። ቡና የምታፈላው ልጅ «የይርጋጨፌ ነው» ብላ ስኒውን ሰጠችኝ። እሱን እየጠጣሁ ወንዙን ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይርጋጨፌም ተራራ ነው፣ ዝናቡም ከእኛ አያንስም። ታዲያ እዚያ አፈሩ እንዴት ተረፈ?

ይርጋጨፌ ያለበት ጌዴኦ ገደላማ አገር ነው፣ ሕዝቡም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ግን ገበሬው ኮረብታውን አላራቆተውም። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከዚያ ቡና፣ መሬቱ ላይ ደግሞ የረገፈ ቅጠል። ዩኔስኮ ይህን መልክዓ ምድር መስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፣ የኮንሶ እርከን ከተመዘገበ ከ12 ዓመት በኋላ። ኮንሶ አፈሩን በድንጋይ ካብ ያዘ፣ ጌዴኦ በዛፍና በእንሰት።

አፈርን መጀመሪያ የሚያነሳው ጎርፉ አይደለም፣ ጠብታው ነው። ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ይበትነዋል፣ የተበተነው ደቃቅ አፈር ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ውሃውም መስረጊያ ሲያጣ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይነዳል። ጌዴኦ ውስጥ ግን ዛፉ ያሳለፈውን ጠብታ የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል ይቀበለዋል፣ ከዚያ ቡናው፣ መጨረሻ ላይ የረገፈው ቅጠል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ሲቆረጥም እየተመረጠ ነው። ማሳው በአንድ ቀን ባዶ አይቀርም።

አሁን ቀና ብላችሁ እንጦጦን እዩ። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ለከተማችን ማገዶም ቤት መሥሪያም ሆኗል፣ ውለታው አይካድም። ብቻውን በተተከለበት ብዙ ቦታ ግን ሥሩ ራቁቱን ነው። ሣሩ ሳስቷል፣ ቅጠሉም ለማገዶ ተጠርጎ ይሄዳል። ያንን የቅጠል ሸክም ጀርባቸው ላይ አዝለው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ አዲስ አበቤ የለም። እነሱን መውቀስ ነውር ነው፣ ኑሮ ነው። ግን ከረጅም ዛፍ የሚንጠባጠብ ውሃ ከሥሩ የሚቀበለው ካጣ አፈሩን ከዝናቡ ባልተናነሰ ይመታዋል።

ለዚህ ነው የችግኝ ነገር ሲነሳ ቁጥር ብቻ ስሰማ ቅር የሚለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮን ነበር። ሰው ነቅሎ ወጥቶ መትከሉ ደስ ይላል፣ እኔም ተክያለሁ። ግን ከዛፉ ሥር ምን ይበቅላል? ማን ይበላበታል? የጌዴኦ ገበሬ ዛፉን የሚጠብቀው ምግቡም ገንዘቡም ጥላው ሥር ስላለ ነው። እዚያም ቢሆን መሬቱ እየጠበበ፣ ጫትና ባሕር ዛፍ እየገቡ ነው። ቡናው ዋጋ ካላወጣለት ቅርስ መባሉ ብቻ ገበሬውን አያቆየውም።

ለመጪው ክረምት ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ሰዎች ከጌዴኦ ሁለት ሦስት አዛውንት ገበሬዎች ጋብዘው እንጦጦን ያሳዩልን። ከባሕር ዛፉ ሥር ምን ቢገባ ይይዛል? ቅጠሉ መሬት ላይ ይቅር ከተባለስ ለእነዚያ እናቶች ማገዶውም ገቢውም በምን ይተካ?