በለስና በለስ ይለያያል

ወንድምዓለም ይቅርታ፣ «አዳምና ሔዋን ያገለደሙት ጣርማ በርን አልፈን ቆላ ስንወርድ የምናየው ባለ እሾሁ በለስ ነው፣ ስሙ ራሱ ይመሰክራል» ያልከው ስህተት ነው። እኔም አያቴ ነግራኝ አምኜ ነው ያደግኩት፣ እዚህ ደብረ ብርሃንም ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያወራው። ግን ያ ተክል የቁልቋል መሳይ ካክተስ ነው፣ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢው ነው፣ ኮሎምበስ በ1492 (በፈረንጅ) አሜሪካ ከመድረሱ በፊት እኛ ጋ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፣ ግዕዙ ደግሞ «በለስ» የሚለውን ቃል ከዛ በፊት ብዙ መቶ ዓመት ሲጠቀምበት ኖሯል። የዘፍጥረቱ በለስ ፈረንጆች ፊግ የሚሉት ነው፣ የኛዎቹ ሾላና ዋርካ ዘመዶቹ ናቸው። አዲሱ ፍሬ ሲመጣ የድሮውን ስም ወረሰ፣ በቃ።

ካላመንክ የሾላ ቅጠል ቀንጥስ፣ ነጭ ወተት ጠብ ይላል። ባለ እሾሁን ስትቆርጠው ግን እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ነገር ነው ያለው፣ ያ ጠፍጣፋውም ቅጠል ሳይሆን ግንዱ ነው። ደሞ እስቲ አስበው፣ ያን ሁሉ እሾህ አገልድሞ አዳም እንዴት አርጎ ይቀመጣል 😂