ሮቦታችሁ ቤት ውስጥ ሠርቷል፤ ውድድሩ ላይስ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ሮቦት ይዞ ወደ አማተር ውድድር የሚሄድ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ተጋጣሚው ላይ ነው። የእነሱ ይፈጥን ይሆን? ምን ዓይነት ሞተር ገጥመውለት ይሆን? እኔ ግን ጀማሪ ባገኘሁ ቁጥር የምለው አንድ ነው። በመጀመሪያ ውድድራችሁ የሚጥላችሁ ተጋጣሚ አይደለም፤ ቦታው ነው። የማታውቁት ወለል፣ የማታውቁት መብራት፣ በወጉ ያላነበባችሁት ደንብ፣ ግማሽ የወረደ ባትሪ። ስለዚህ ጉደኛ ሮቦት ሳይሆን የማያስቸግር ሮቦት ይዛችሁ ሂዱ።

ይህን ስል ቅር የሚላቸው አሉ። «ታዲያ ፈጠራው የት ገባ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከመብራቱ ልጀምር፤ ብዙ ጀማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነውና። መስመር ተከታይ ሮቦት ውሰዱ። ከሆዱ ሥር የተደረደሩት ትናንሽ ሴንሰሮች ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ወለሉ ይልካሉ። ነጩ ወለል ብርሃኑን ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ መስመር ውጦ ያስቀረዋል። ሮቦቱ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ስትሞክሩት ነጩ ላይ 800፣ ጥቁሩ ላይ 200 አነበበ እንበል። እናንተም «ከ500 በታች ከሆነ መስመር ነው» ብላችሁ ኮዱ ውስጥ ትጽፋላችሁ። ሮቦቱም መስመሩን ይዞ ሽው ይላል። ቤተሰቡ ያጨበጭባል።

አሁን ወደ ውድድሩ አዳራሽ ግቡ። በትልቁ መስኮት ፀሐይ ገብቷል። የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ራሱ ኢንፍራሬድ አለበት። ጥቁሩ መስመር ላይ 200 ይነበብ የነበረው አሁን 550 ሆኗል። ኮዳችሁ ደግሞ ከ500 በላይ የሆነውን ሁሉ ነጭ ነው ብሎ ያምናል። ሮቦቱ መስመሩ ላይ ቆሞ መስመር ፍለጋ ይባዝናል። ሽቦ አልተነቀለም፣ ሞተር አልተቃጠለም፣ ኮዱም የተባለውን እያደረገ ነው። የተቀየረው ቁጥሩ ብቻ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሮቦቱ ከመነሳቱ በፊት መስመሩ ላይ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር እዚያው ይለካ፤ መሀከለኛውንም ራሱ ያስላ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። በሴንሰሮቹ ዙሪያ ደግሞ ጥቁር ካርቶን አድርጉና ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ጋርዱ። ከዚያም ቤት እያላችሁ አሠቃዩት። መስኮት ሥር ሞክሩት፣ መብራት አጥፍታችሁ ሞክሩት፣ በስልክ ፍላሽ እያበራችሁበት ሞክሩት። ውድድሩ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም።

ወለሉም እንዲሁ ነው። የመወዳደሪያው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቁራጭ ተገጣጥሞ ነው የሚሠራው። መጋጠሚያው ላይ የምትቀር ትንሽ እርከን ዝቅ ብሎ የተሠራ ሮቦትን ታቆማለች። አቧራም አለ። ጎማ አቧራ ሲይዝ መንሸራተት ይጀምራል። ጨርቅና አልኮል ይዛችሁ ሂዱ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ጎማውን ጥረጉ። ይኸው ነው።

ስለ ደንቡ ግን ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ደንብ ማለት ሮቦቱ ከተሠራ በኋላ የሚነበብ ወረቀት አይደለም። ሁለት ሮቦቶች ከክብ መድረክ የሚገፈታተሩበትን የሚኒ ሱሞ ውድድር ተመልከቱ። በተለመደው ደንብ ሮቦቱ ከ500 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ወርዱና ርዝመቱ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መግባት አለበት። የመነሻው ቁልፍ ከተጫነ በኋላ 5 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ጎማው ላይ የሚያጣብቅ ነገር እንዳልተቀባ የሚረጋገጥበት መንገድም አለ። በብዙ ውድድሮች ሮቦቱን ኤ4 ወረቀት ላይ ያስቀምጡና ቀስ ብለው ያነሱታል። ወረቀቱ ተጣብቆ ከሁለት ሰከንድ በላይ አብሮት ከተንጠለጠለ ሮቦቱ አያልፍም። እንግዲህ 503 ግራም የሚመዝን ሮቦት ይዞ የመጣ ልጅ ሚዛኑ ፊት ቆሞ የቱን ብሎን እንደሚፈታ ሲያስብ ይታያችሁ። ዳኛው ክፉ ሆኖ አይደለም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ካልሆነ ውድድር የለም።

ቤት ውስጥ የምትመዝኑበት ሚዛንና የእነሱ ሚዛን ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከገደቡ በታች የተወሰነ ግራም ተዉ። የዘንድሮው ደንብም ካለፈው ዓመት ሊለይ ስለሚችል አዲሱን አትማችሁ ያዙ። ያልገባችሁን ደግሞ አዘጋጆቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በውድድሩ ጠዋት የሚነሳ ክርክር ጥሩ መጨረሻ የለውም።

ባትሪ የብቻው ጣጣ ነው። ሊፖ የምንለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ እየሠራ ሲሄድ ይወርዳል። ሮቦታችሁ «ለግማሽ ሰከንድ ወደ ቀኝ ታጠፍ» በሚል ትእዛዝ የሚሠራ ከሆነ በሙሉ ባትሪ ልክ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ባትሪው ሲወርድ ሞተሩ ይዘገያል፤ ያው ግማሽ ሰከንድ አሁን 80 ዲግሪ ብቻ ያዞረዋል። ከሦስት መታጠፊያ በኋላ ሮቦቱ ግድግዳ እየገፋ ነው። ጊዜ ቆጥሮ ከመታጠፍ ይልቅ የጎማውን ዙር የሚቆጥር ኢንኮደር ወይም የመዞሩን መጠን የሚለካ ጋይሮ ቢገጠም ይሻላል። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ለየዙሩ የተሞላ ባትሪ ይኑራችሁ።

ሌላም አለ። ሞተሮቹ በአንዴ ሲነሱ ብዙ ከረንት ስለሚስቡ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወድቃል። ያኔ መቆጣጠሪያው ቦርድ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሮቦቱ ያለ ምክንያት የደነዘዘ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ኮዱን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የደከመ ባትሪ ወይም የላላ መሰኪያ ነው። ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ቮልት ለኩ። ሊፖ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የተነፋ ወይም የተወጋ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እሳት በሚቋቋም ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ እያየው ይሞላ። ሮቦቶች እርስ በርስ በሚሰባበሩበት ውድድር ከሆነ የምትሄዱት ይህ በእጥፍ ይጠበቅባችኋል። ሮቦቱ ሜዳ ውስጥ እስኪገባ የሚሽከረከረው መሣሪያ መቆለፊያ አይወጣም።

ቀኑ ራሱ ረጅም ነው። ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በተባለው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር አንድ ግጥሚያ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው 30 ሰከንድ ሮቦቱ ያለ ሰው እጅ ብቻውን የሚንቀሳቀስበት ነው። ለዚህች አጭር ጊዜ ቀኑን ሙሉ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ድንገት ስማችሁ ይጠራል። በዚያች ሰዓት አንዱ ካቻቪቴ ሲፈልግ፣ ሌላው ላፕቶፕ ሲሰካ፣ ሦስተኛው የጠፋ ሪሞት ሲያስስ ዙሩ ያልፋል። ማን ምን እንደሚይዝ ቤት ተነጋገሩ። ሳጥናችሁ ውስጥ ትርፍ ጎማ፣ ትርፍ ሞተር፣ ፊውዝ፣ ናስትሮ፣ ፒንሳ፣ ብሎንና ዳዶ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያም ይኑር። ኮዱን ፍላሽ ላይም ገልብጡት፤ ኢንተርኔት አለ ብላችሁ አትመኑ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፦ የመጨረሻዋን ሌሊት ኮድ አትንኩ። «ትንሽ ላፍጥነው» የምትለዋ ሐሳብ የመጣችው እኩለ ሌሊት ላይ ከሆነ ተዋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ጠዋት ቁልፉ ሲጫን ወፍ የለም፤ ምን እንደተቀየረም የሚያስታውስ የለም። የሚሠራውን ኮድ አስቀምጡና ተኙ። የነቃ ሰው ሁለት ነገር ያስተካክላል፤ ያልተኛ ሰው አንዱን ሲነካ ሌላውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ፈጠራው ጥያቄ ልመለስ። አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ውድድሩ የሚደምቀው በእሱ ነው። ግን ቅደም ተከተል አለው። በ2004 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪኖችን በሞሃቪ በረሃ አወዳድሮ ነበር። መንገዱ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከሁሉ የራቀው መኪና 12 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቆመ፤ የአንድ ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት የወሰደ አልነበረም። እነዚያ ቡድኖች ዕውቀትም ገንዘብም የነበራቸው ናቸው። በዓመቱ በተደረገው ውድድር ግን አምስት መኪኖች መንገዱን ጨረሱ። ስለዚህ የመጀመሪያ ሮቦታችሁ መሀል መንገድ ቢቆም እናንተ ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም። ደግሞም ሐሳባችሁ ምንም ያህል ቢያምር ሮቦቱ ካልተንቀሳቀሰ ዳኛው ሊያየው አይችልም።

አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን እንደ ፈረንጆቹ በ1989 ባቋቋመው በፈርስት ድርጅት ውድድሮች ላይ ይህ በደንብ ይታያል። እዚያ፣ ለምሳሌ በቴክ ቻሌንጁ፣ በማጣሪያው ቡድኖች በዕጣ ተጣምረው ይጫወታሉ፤ አሁን የገጠማችሁት ቡድን በሚቀጥለው ዙር አጋራችሁ ሊሆን ይችላል። ለፍጻሜው ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ቡድኖች አጋሮቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ሲመርጡ በየዙሩ የጻፉትን ማስታወሻ ያያሉ። አምስት ነገር ለመሥራት ሞክሮ ሦስት ጊዜ ከቆመ ሮቦት ይልቅ አንዷን ሥራ ሳያቋርጥ የሠራው ቢመረጥ ሊገርማችሁ አይገባም። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምመርጠው። መጀመሪያ አንዷን ነገር አሥር ጊዜ ተደጋግማ የምትሠራ አድርጓት፤ ከዚያ ፈጠራውን ጨምሩበት።

ከተጋጣሚ ጠላትነት የሚጠብቅም ይሳሳታል። ሞተራችሁ ቢቃጠል ትርፍ የሚያበድራችሁ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው ቡድን ነው። ሳታፍሩ ጠይቁ፣ ሲጠይቋችሁም ስጡ።

ለወላጆችና ለአሠልጣኞችም የምለው አለኝ፤ ይሄ ከልቤ ነው። በልጆች ውድድር ካቻቪቴውን የያዘው አባት፣ ኮዱን የሚጽፈው አሠልጣኝ፣ ልጁ ደግሞ ዳር ቆሞ ሽቦ ያዥ የሆነበት ጠረጴዛ አይጠፋም። ዳኛው መጥቶ «ይህን ጎማ ለምን መረጥክ?» ሲል ልጁ ዞሮ አባቱን ያያል። አባትየው ልጁን የሚረዳ መስሎት ነው፤ ፍቅር እንጂ ክፋት የለበትም። ግን ልጁ ያን ቀን የተማረው ሮቦት የትልቅ ሰው ሥራ መሆኑን ነው። በብዙ ውድድሮች ደግሞ ዳኞች የሚያነጋግሩት ተወዳዳሪውን ነው፤ የሥራ ማስታወሻ ደብተሩንም ያያሉ። ጠማማ ብየዳ ያለበት፣ በናስትሮ የተጠቀለለ፣ ግን ልጁ እያንዳንዱን ሽቦ የት እንደሚሄድ የሚናገርለት ሮቦት ለእኔ ይበልጣል። እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ብየዳው እንዳያቃጥለው፣ ባትሪው እንዳይጎዳው ጠብቁት፤ ሌላውን ለእሱ ተዉለት።

መሸነፍም አለ። በጥሎ ማለፍ ውድድር ከአንዱ በቀር ሁሉም ተሸንፎ ነው የሚሄደው። ብዙዎች ሲወድቁ ወዲያው ዕቃቸውን ሰብስበው ይወጣሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል። የቀኑ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነውና። ቆዩ። የፍጻሜውን ሮቦት ከቅርብ እዩት፤ ባትሪው የት እንደተቀመጠ፣ ሽቦው እንዴት እንደታሰረ ተመልከቱ። ባለቤቶቹን አነጋግሩ። ብዙዎቹ ስለ ሮቦታቸው የሚጠይቅ ሰው ሲያገኙ ደስታቸው ነው፤ ገልብጠው ሆዱን ያሳዩአችኋል። አዘጋጆቹ ከፈቀዱ ደግሞ ሜዳው ከመነሳቱ በፊት ሮቦታችሁን መልሳችሁ መስመሩ ላይ አድርጉትና ሴንሰሩ የሚያነበውን ቁጥር ነጩም ጥቁሩም ላይ ጻፉ። ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ የምትጀምሩት ከዚያ ቁጥር ነው።