ክፍያውን አስነሥቶ በእጅ መስጠት አይሻልም
በመዝናኛ መርከብ ላይ በየቀኑ በተሳፋሪው ሒሳብ የሚታከለውን የጉርሻ ክፍያ አስነሥቶ ገንዘቡን ካቢን ለሚያጸዳው ሠራተኛ በእጅ መስጠት ይሻላል የሚለው፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት ምክር አላሳመነኝም። ክፍያው በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ለአንድ ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ የሚከፋፈለውም አልጋ ለሚያነጥፈውና ምግብ ለሚያቀርበው ብቻ ሳይሆን ከመጋረጃ በስተጀርባ ለሚሠሩትም፣ ተሳፋሪው ፈጽሞ ለማያያቸው ጭምር ነው። እዚህ ኮምቦልቻ በሆቴል መስተንግዶ የምንሠራ ሰዎች ነገሩን በቅርብ እናውቀዋለን፤ ወደ ጅቡቲ የሚያልፍ ሾፌር ጥብሱን በልቶ ሲነሣ የሚተወው ቲፕ አስተናጋጇ ኪስ ሲገባ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ድስት ስትፈትግ ያመሸችው፣ እጇ በበረኪና የተላጠው እቃ አጣቢ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይደርሳትም። ስለዚህ አገልግሎቱ በእርግጥ ካልጎደለ በቀር ክፍያውን አለመንካት፣ ከሌላው ይበልጥ ለደከመልን ሠራተኛ ደግሞ በመጨረሻው ምሽት በፖስታ ትንሽ ማከል ተገቢ ይመስለኛል። ለካፒቴኑና ለመኮንኖቹ (ጽሑፉ ይህን ቢያነሣው ጥሩ ነበር) ጉርሻ መስጠት አልተለመደም። በመጠጥ ሒሳብ ላይም አብዛኛውን ጊዜ 18 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ስለሚታከል፣ ደረሰኙን ሳያዩ በላዩ መጨመር አያስፈልግም።